ቁልቁል ሳልወርድበት አልፈርምም

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጡረታ ወጣሁ ብል ይሳቅብኛል። ግን ሌላ ቃል አጣሁለት። መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ የነበረችውን የሳይክል መጠገኛ ቤታችንን ዘግቻለሁ። ቆርቆሮ ቤቷን አንድ ጫማ ሰፊ ተከራይቷታል። እኔ አሁን የምሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ሲበላሽ ይቆማል እንጂ ማንንም ይዞ ገደል አይገባም።

የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ጽሑፍ የለመደ እጅ የለኝም። የማውቀው ሥራችንን ነውና እሱን ልጻፍ። ሥራውን ስጽፍ ወንድሜ ይማም ይመጣል። ይማም ከመጣ አሟሟቱ አይቀርም። አገሩ ስለ አሟሟቱ የሚለው አንድ ነገር አለ። «ሳይክል ሠሪው ይማም በገዛ ሥራው ሞተ» ይላል። ልክ አይደለም። ልክ እንዳልሆነ እያወቅሁ ዝም ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። ምክንያቱ ዘንድሮ አልፏል።

ይማም በዕድሜ በብዙ ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የምጠራውም አያ እያልኩ ነበር። በወጣትነቱ ደሴ ወርዶ አንድ የመኪና ጋራዥ ገባ። መጀመሪያ ጎማ አጠበ፤ በኋላ የፍሬን ሠራተኛ ረዳት ሆነ። ሌላውን ሥራ ሁሉ ተምሯል፤ የወደደው ግን ፍሬን ነው። «ሞተር ሰውን ይወስዳል፤ የሚመልሰው ፍሬን ነው» ይል ነበር።

ወደ መካነ ሰላም የተመለሰው ወጣቱ ሁሉ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ በሚባልበት ዘመን ነው። እኛም ተደራጀን፤ ማኅተም ተመታልን፤ ቆርቆሮ ቤት ተሰጠን። ስለ ወረቀቱ ይህ ይበቃል። ገቢውም እንደ ገበሬው ነበር፤ ክረምት ላይ ባዶ፣ አዝመራ ሲገባ ደህና። ሥራ ሲጠፋ የዕቃ ሣጥናችንን አይሱዙ ላይ ጭነን አጅባር ገበያ እንወጣ ነበር። እዚያ የከብት ነጋዴዎች ልጆች የፈነዳ ጎማና የተበጠሰ ካቴና ይዘው ይጠብቁናል። በጎች መሀል ቁጭ ብለን የተጣመመ የጎማ ራጂ ስናቀና የዋልንበትን ቀን አልረሳውም።

ከሁሉ የተሻለው ሥራ ማሻ ሄደን የሠራነው ነው። ለእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሳይክል ያደለ አንድ ፕሮጀክት ኮንትራት ሰጥቶን ነበር። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ አበጋዝ ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጥድፊያ ግን ይወዳሉ። ሳይክሎቹን ጠግነን የጨረስን ቀን ወረቀቱን ዘርግተው ጠበቁን።

«ይማም፣ ፈርምና ምሳ እንብላ» አሉ።

«ቁልቁል ሳልወርድበት አልፈርምም» አላቸው።

«በሁሉም ልትወርድ ነው?»

«በሁሉም።»

«ምሳው እራት ሆነ በለኛ!»

«አቶ አበጋዝ፣ ሜዳ ላይ የማይዝ ፍሬን የለም። በርበሬ ነጋዴም ቢሠራው ሜዳ ላይ ይይዛል።»

ሳቁ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ጠቅልለው ጠበቁት። እሱ አንዱን ይዞ ይወርዳል፤ እየገፋ ይወጣል፤ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ ወዲህ አቶ አበጋዝ ስሙን ትተው «አልፈርምም መጣ» እያሉ ነበር የሚቀበሉት። ሰውም ቅጽል ስሙን ያዘለት።

የማሻዎቹ ሳይክሎች ፍሬን የሽቦ ነበር። ሽቦ ቀላል ነው፤ ሲላላ ታጠብቀዋለህ፣ ሲበጠስ ትቀይረዋለህ። የዘይት ፍሬን ያለው ሳይክል ወደኛ አገር ያመጣው ከሳውዲ የሚመለሰው ሰው ነው። የዘይቱ ፍሬን ሽቦ የለውም። እጀታውን ስትጨብጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ይገፋና ሁለት ትናንሽ ፒስተኖችን ያንቀሳቅሳል። ፒስተኖቹ ሁለት የፍሬን ሸራዎችን ይገፋሉ። ሸራዎቹ ጎማው መሀል ያለውን ዲስክ ግራና ቀኝ ቆንጥጠው ይይዛሉ። ደህና ሲሆን በአንድ ጣት ይቆማል። ሲደክም ግን ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም። የደከመበትን ምክንያት ማግኘት ነው ሥራው።

አያ ለዚህ ያስተማረኝ ዘዴ ዓይን መጨፈን ነው። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቀን መፍቻ አንስቼ ነበር። ከእጄ ቀማኝ።

«ዓይንህን ጨፍነህ እጀታውን ጨብጥ። ምን ይልሃል?»

«ለስለስ ይላል።»

«እንደ ስፖንጅ ከሆነ ቱቦው ውስጥ አየር አለ። ጨብጠህ ስትቆይ ቀስ እያለ ወደ መሪው ከሰመጠ ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ አለ። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሳይክሉ ግን ካልቆመ ዘይቱን እንዳትነካው። ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል። ያኔ ሸራውንና ዲስኩን እይ።»

ደጋግሞ አስባለኝ። ዘይቱን በተመለከተም ጥብቅ ነበር። የመኪና ፍሬን ዘይት የሚፈልግ ሳይክል አለ፤ የመኪናው ዘይት፣ ፍሳሽ የሚያግደውን ጎሚኒ የሚያሳብጥበት ሳይክልም አለ። የትኛው እንደሆነ የዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፏል። ክዳኑን ሳያነብ ጠርሙስ ከፍቶ አያውቅም። ያነበበውን ክዳን ነገ ቢያመጡለት እንደገና ያነበዋል።

ሌላም ልማድ ነበረው። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ለኋላው ያስፈልጋል። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። የልጁን ሳይክል ከደሴ በሚኒባስ ጣራ ላይ ገልብጦ አስጭኖ አመጣው። እጀታው ስፖንጅ ሆኗል። ሳይክል ተገልብጦ ብዙ መንገድ ሲሄድ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አየር ወደ ቱቦው ይገባል። እኔም አውቄ ስለነበር፣ «ገልብጠህ አስጭነህ ነው ያበላሸኸው» ልለው አፌን ስከፍት አያ በክርኑ ጎሸመኝ። ለሰውዬው «አየር ገብቶበታል፤ ሲጫን ጎማው ወደ ታች ይሁን» ብቻ አለው። ሰውዬው ሲሄድ ተቆጣሁ።

«እሱ አይደል እንዴ ያበላሸው? ለምን አትነግረውም?»

«ሲነገረው የሚጠገን ነገር አለ?»

«ለሌላ ጊዜ ይጠነቀቃል።»

«ጎማው ወደ ታች ይሁን አልኩት፤ ይኸው ተጠነቀቀ። ጥፋቱን ለምን ትጭንበታለህ? ዕቃ ሲመጣልህ ምን ሆነ በል። ማን አደረገው አትበል።»

አሁን ወደ ኑሩ ልምጣ።

ኑሩ ጎረቤታችን ነው። ሳውዲ ብዙ ዘመን ዘበኛ ሆኖ ሠርቷል። ሲመለስ ይዞት የመጣው ዋና ነገር የቀጣሪው ልጅ የተወለት የተራራ ሳይክል ነበር፤ ሰፊ ጎማ ያለው፣ ሁለቱም ፍሬኑ የዘይት። በሱ እየዞረ በገጠር ቀበሌዎች ሞባይልና የፀሐይ መብራት ይጠግናል። እናቱ እትዬ ሰዓዳ ባል ከሞተባቸው ቆይቷል፤ ያላቸው አንድ እሱ ነው። ሳይክሉ ማታ ማታ ቤት ገብቶ ካላዩት እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ኅዳር ላይ ነው፤ ውርጭ ነበር። ኑሩ እየገፋው መጣ።

«ይማም፣ ይቺ ልጅ ከዳችኝ። እጀታው መሪውን እየነካ ነው።»

«ሚስት ብታገባ እኮ እንዲህ አትከዳህም» አለው አያ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጨበጠ። «ስፖንጅ ነው። ሸራህም አልቋል።»

ያን ቀን የሠራውን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ጎማዎቹን አወለቀ። ያለቁትን ሸራዎች አወጣ። አዲሶቹን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ከሥራው ርቆ ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጠ። «ሸራ አንድ ጠብታ ዘይት ከጠጣ ሞተ በለው» ይል ነበር። በሸራዎቹ ቦታ ከወይራ የጠረባትን ሽብልቅ በፒስተኖቹ መሀል አስገባ። ከመድኃኒት ቤት በገዛው ስሪንጅ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ገፋ። እኔ ቱቦውን በማንኪያ እጀታ መታ መታ አደርጋለሁ፤ አረፋው አንድ አንድ እያለ ከላይ ይወጣል። አረፋው ካቆመ በኋላም ገፋ። እጁን በሳሙና ታጠበ። ዲስኩን በአልኮል ጠረገ። ከዚያ ነው ወረቀቱን ፈትቶ አዲሶቹን ሸራዎች የገጠመው። የኋላውንም እንደዚሁ። ሲያልቅ መሽቷል።

«ዛሬ አይነዳም» አለው ለኑሩ። «እጀታዎቹን በአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ጨብጠን እንሰርና ቆሞ ይደር። የቀረች አየር ካለች ወደ ላይ ትወጣለች። ጠዋት እኔው ቁልቁል እወርድበታለሁ። እዚሁ ይደር።»

«እናቴስ? ቤት ካላደረ አታስተኛኝም።»

«እሺ፣ እየገፋህ ሂድ። እቤት ስትደርስ እሰረው። እንዳትነዳው፣ ወላሂ እጣላሃለሁ።»

ኑሩ አልነዳውም። እየገፋ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ከአያ ጋር ኑሩ ቤት ሄድን። አያ ማሰሪያውን ፈታ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱንም እጀታ ጨበጠ። «ድንጋይ ሆኗል፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። በሩ ላይ ዞር ዞር አለበት፤ ያዘ። ኑሩም ተከትሎን ወደ ወንዙ ወደሚወርደው መንገድ ሄድን። እኔ ከላይ ቆምኩ። ከዚያ ላይ ሆኖ መንገዱ እስከ ታች ይታያል። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያዘ። ሁለተኛው ላይ ያዘ። ሦስተኛው ላይ አልያዘም።

ከዚያ በታች ድንጋይ ነው። ስንደርስ ጣቶቹ እጀታው ላይ ነበሩ።

ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት መጻፍ አልችልም።

ለቅሶው ላይ ሰው ክፉ አልተናገረም። ክፉ ቢናገር ይሻል ነበር። «ምስኪን፣ በገዛ እጁ» አሉ። ከፊት ለፊታችን ሞተር የሚጠግነው ሰው «አየሩን ጨርሶ አላስወጣውም ማለት ነው» አለ፤ ከልቡ አዝኖ ነው ያለው። ያ ወሬ ሆነ። ጠዋት የተባለው ከሰዓት ገበያ ውስጥ ይነገራል። እኔ አረፋው ሲያቆም አይቻለሁ። ቱቦውን በማንኪያ የመታሁት እኔ ነኝ። ግን ፍሬኑ ለምን እንዳልያዘ አላውቅም ነበር፤ ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስ?

የለቅሶው ቀን ሲያልቅ ሱቁን ከፈትኩ። ልጆች ሳይክሉን አምጥተው ግድግዳው ላይ አስደግፈውት ነበር። የፊት ቸርኬው ተጣሟል፤ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ብዙ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ የፊቱን እጀታ ጨበጥኩ።

ድንጋይ ነው። የኋላውንም ጨበጥኩ። ድንጋይ ነው።

እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ካልቆመ ዘይቱን እንዳትነካው፤ ሸራውንና ዲስኩን እይ። ጎማውን አወለቅሁ። ሽታው ቀድሞ መጣ። የሸራ ቃጠሎ አልነበረም፤ የምግብ ሽታ ነው። ዲስኩ ላይ፣ ሸራዎቹ በሚቀመጡበት ጠባብ ቦታ ውስጥ፣ ጥጋጥጉ ላይ ከጥቁር አቧራ ጋር ተለውሶ የረጋ ነገር አለ። በጥፍሬ አነሳሁት። ቅቤ ነው። ሸራው ጠጥቶት ጠቁሯል።

ያኔ ገባኝ። በውርጩ ቅቤው ረግቶ ጥጉ ውስጥ ተቀምጧል። ሜዳ ላይ ዲስኩ አይሞቅም፤ ፍሬኑ ይይዛል። ቁልቁል ሲወረድ ግን ዲስኩ እንደ ምጣድ ይግላል። በሁለት መታጠፊያ ቅቤው ቀለጠና ሸራው ላይ ፈሰሰ። አያ ሸራውን በዋዜማው በገዛ እጁ በንጹሕ ገጥሞታል፤ በአንድ ሌሊት ቅቤ ይገባበታል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ሸራዎቹን እንደያዝኩ እትዬ ሰዓዳና ኑሩ መጡ። ሱቁ መከፈቱን ሰምተው ነው። እትዬ ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ተቀመጡ።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ለኔም ከብዶኛል። ያን ማታ ኑሩ እየገፋው ሲወርድ ያ ብረት ሲጮህ ሰማሁት፤ ሆዴ አልቻለም። በርም ሲጮህ፣ ጠፍርም ሲደርቅ ቅቤ ነው። ላሜ የወለደች ሰሞን ናት። እሱ መስጊድ ሲሄድ ከመጀመሪያው ቅቤ አነሳሁና ጥጋጥጉን ቀባሁለት። የብረቱ ፊት እንዲያበራ በጨርቅ ወለወልኩት። ‹ያ ረቢ፣ መንገዱን ለስላሳ አድርግ› ብዬ ዱኣ አደረግሁ። ምን ዋጋ አለው? ዱኣዬ አልደረሰም።»

ኑሩ ቀና አለ። እጄን አየ። ሸራዎቹን በመዳፌ ጨበጥኳቸው።

«ዱኣዎ ደርሷል እትዬ» አልኳቸው። «ቀኑ ነው።»

ኑሩ እናቱን ሸኝቶ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቅቤው ነው?»

«ቅቤው ነው።»

«እነግራታለሁ። ለሰውም እነግራለሁ። ሰው ስለ ይማም ምን እንደሚል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

በአፌ የመጣው የአያ ቃል ነው። «ሲነገራቸው የሚጠገን ነገር አለ?» አልኩት።

ኑሩ አለቀሰ። እሳቸው በሕይወት እያሉ ለማንም ላንናገር ተስማማን። ሳይክሉን አልወስድም አለ። ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁባቸው ዓመታት ረጅም ነበሩ። የዘይት ፍሬን ያለው ሰው ሁሉ ወደ ደሴ መላክ ጀመረ። ለኔ ጎማና ካቴና ቀረልኝ። አንድ ጊዜ አንድ የማውቀው ሰው ሳይክሉን ሲሰጠኝ እየሳቀ፣ «አንተስ እንደ ወንድምህ አትሠራም አይደል?» አለኝ። «እንደሱ ብሠራ ደስ ባለኝ» አልኩት። ቀልድ መሰለው። የዚያን ቀን ማታ እትዬ ሰዓዳ ቤት ሄጄ ልነግራቸው ተነሥቼ ነበር። ደጃቸው ደረስኩ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ ዱኣ ላይ ናቸው፤ የይማምን ስም ከሟች ባላቸው ስም አስከትለው ይጠራሉ። ተመለስኩ።

እትዬ ሰዓዳ ዘንድሮ አረፉ። አሏህ ይዘንላቸው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር ቤተሰቡ ተነሥቶ ለሟቹ አፉታ፣ ይቅርታ ማለት ነው፣ ይለምናል። ኑሩ መቃብሩ አጠገብ ቆመ። «እናቴን አውቃም ሳታውቅም የበደለችው ሰው ካለ አፉ ይበላት» አለ። «አፉ ብለናል» አለ ሰው ሁሉ። ኑሩ ግን አልተቀመጠም። በሰው መሀል እኔን ይፈልጋል። ዓይናችን ተገናኘ። የኔን ድምፅ ለብቻው መስማት ፈልጎ ነው።

«አፉ ብያለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ኑሩ ፊቱን ጠረገ። «አንድ ነገር ልጨምር» አለ። «የይማም ሥራ ደህና ነበር። ያን ቀን ፍሬኑን ያከሸፈው ከሱ በኋላ ቤታችን የገባበት ነገር ነው። ይማም ጥፋት የለበትም። ይህን ያልሰማ ይስማ።» ማን እንዳደረገው አልተናገረም። የጠየቀም የለም። ሞተር የሚጠግነው ሰው መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

እኔ ግን እዚህ ሙሉውን የጻፍኩት እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም። ምን ሆነ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነው ለማለት ነው። ከላማቸው የመጀመሪያ ቅቤ ለልጃቸው መንገድ ብለው የቀቡ እናት ናቸው። ሳይክል ያለው ሰው ደግሞ ይወቅ፦ ዲስክ ይጮኻል። ቅቤም፣ ዘይትም፣ ምንም አይቀባም።

ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ ያን ሳይክል ማውረድ ነበር። ቸርኬውን ቀየርኩ። ዲስኮቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ በአልኮል ጠረግሁ። ጥጋጥጉን በጥርስ ብሩሽ አጸዳሁ። አዲስ ሸራ በንጹሕ እጅ ገጠምኩ። ዘይቱን አልነካሁትም። አያ ያስገባው ዘይት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ጨበጥኩት። ያን ሁሉ ዓመት ተሰቅሎም ድንጋይ ነው።

ኑሩ ከላይ ቆመ፤ እኔ ወረድኩ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያዘ። ሁለተኛው ላይ ያዘ። ዲስኩ ሲግል ሽታው ይመጣል፤ የብረትና የሸራ ሽታ ብቻ ነው። ሦስተኛው መጣ። ጨበጥኩ።

ያዘ። ደግሞም ጮኸ፤ ቁልቁለቱ በሙሉ እስኪሰማ ጮኸ። ይጩህ አልኩት።